ልጄን እንድመታ የተለመንኩበት ዓመት

ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ የመታኋት አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ ያውም ተለምኜ። የለመነኝ አሰልጣኟ ነው። ልጄ ደግሞ ከጎኑ ቆማ፣ ወንፊት የመሰለውን የብረት ማስክ በብብቷ ይዛ፣ «እማዬ በእናትሽ፣ እሺ በይው» ትለኛለች። ሰው ልጁን እንዳይመታ ሲለመን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መሐል ገብቼ የለመንኩበትም አለ። ምቺልን ተብላ የተለመነች እናት ግን ከራሴ በቀር አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁ። የምንኖረው ቡራዩ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አሮጌ ኮትና ሱሪ እየተረተርኩ፣ እንዴት እንደተሰፋ አይቼ መልሼ እየሰፋሁ ነው የለመድኩት። ንባቡም ጽሕፈቱም እንደዚያው ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ራሴን ያስተማርኩት ራሴው ነኝ። እና ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ ድረስ እየሄደች ጎራዴ ትማራለች ሲሉኝ የሰፈር ወሬ መስሎኝ ሳቅሁ። ስትመጣ ጠየቅኳት።

«ጎራዴ አይደለም እማዬ፣ ፌንሲንግ ነው። ስፖርት ነው።»

«በምንድን ነው ታዲያ የምትጫወቱት?»

ትንሽ አሰበችና «በጎራዴ» አለችኝ።

አሰልጣኟን ያወቅኩት በሥራ ነው። ከውጭ የሚመጣው መከላከያ ጃኬት ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ፣ እዚሁ የሚሰፋለት ሰው ፈልጎ በልጄ በኩል መጣ። የድንኳን ሸራ ደርቤ፣ መሐሉ ስስ ስፖንጅ ከትቼ ሰፋሁለት። አዳራሹን ያየሁት ጃኬቶቹን ላስረክብ የሄድኩ ዕለት ነው። አዳራሽ ይበሉት እንጂ የቀድሞ የዶሮ እርባታ ነው፤ ባለቤቱ፣ ዶሮዎቻቸው በበሽታ ያለቁባቸው አንድ ረጋ ያሉ ኦቦ፣ ለልጆቹ አከራይተውታል። በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው «አካም ቡልቴ?» ብለው ተቀበሉኝ። ውስጥ በጎራዴ የሚሯሯጡትን ልጆች በከዘራቸው እያሳዩኝ፣ «ዶሮዎቹ ይሻሉ ነበር፤ እንቁላል ይጥላሉ» አሉ።

ጃኬቶቹን ከትከሻዬ ሳላወርድ ያ ድምፅ መጣ። ቀጭን ብረት አየሩን ሲሰነጥቅ። ሿ! ትከሻዬ ሳላዘው ዘለለ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ያደግኩት መናገሻ፣ አክስቴ ቤት ነው፤ አክስቴ ከበሩ ጀርባ እርጥብ አርጩሜ አታጣም ነበር። ወተት ቢደፋ በእኔ፣ ጥጃ ቢጠባ በእኔ፣ ዝናብ ቢዘገይም በእኔ ነው። ጀርባዬ ተልጦ ቀሚሴ እስኪጣበቅበት ትገርፈኝና «ተነሺ፣ ውሃ ቅጂ» ትለኛለች። እኔ ልጅ ስወልድ ለራሴ የገባሁት አንድ ቃል ነበር፤ እጄ በዚህች ልጅ ላይ አይነሳም። አልተነሳምም። የእኔን ቁንጥጫ እንኳ ሳታውቅ ነው ያደገችው።

እንግዲህ በዚያች እጄ ነው ምቺያት የሚሉኝ።

ምክንያታቸው ይሄ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሱሉልታ ላይ ምርጫ አለ፤ በከተማው ዙሪያ ካሉት ሴት ልጆች አንዷ ብቻ ተመርጣ ለብሔራዊ ቡድን ልምምድ ትገባለች። ልጄ ሌላ ነገር አልተመኘችም። የምትፈራውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሱሉልታዋን ልጅ። ከእሷ ጋር የገጠመች አንዲት ልጅ ክንዷ ተሰንጥቆ ስፖርቱን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ልጄ አብራት የምትለማመደው ብቸኛዋ ሴት ደግሞ ቤተሰቧ ለገዳዲ ቤት ሠርቶ ሄደችባት። ወንዶቹ አይመቷትም። «ሴት ልጅ እንዴት በብረት ይመታል?» እያሉ ጎራዴያቸውን ትከሻዋ ላይ እንደ ቢራቢሮ ያሳርፉታል።

«ከምር የሚመታት ሰው ያስፈልጋታል» አለኝ አሰልጣኙ። «ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ። እዚያው ቤቷ የሚመታት ሰው ብታገኝ እንዴት ጥሩ ነበር!»

«ይሄን ነገርህን ፖሊስ እንዳይሰማህ» አልኩት።

ግን ልጄን አየኋት፤ እሺ አልኩ።

አሰልጣኙ ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል፤ እስከዚያች ዕለት «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ጎራዴ ባስጨበጠኝ በደቂቃ ውስጥ እርስዎ ቀረ። «አትፍለጪ! አትፍለጪ አልኩሽ እኮ፣ ባሕር ዛፍ አይደለም!»

እውነቱን ነው። እኔ ስለት እጄ ሲገባ የማውቀው መፍለጥ ነው። ክንዴን ከጆሮዬ በላይ አነሳና ከነትከሻዬ አወርደዋለሁ። እሱ እስከ ግማሹ ውሃ የያዘ ቢጫ ጄሪካን ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ አንጠለጠለልኝ። «ምቺው፤ ውሃው ግን እንዳይሰማ» አለ። መታሁት። ዷ! አለና ተወዛውዞ ሄዶ ሲመለስ አፍንጫዬን አለኝ። ደሜ በአገጬ ወረደ።

ኦቦ ከበሩ ሆነው «ጄሪካን አንድ፣ እናት ዜሮ» አሉ።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ጎራዴው የሚያዘው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው፤ ጨርቅ ላይ መስመር እንደማሰምርበት ሳሙና፣ ላላ ተደርጎ። ክንድ መጀመሪያ ይዘረጋል፤ ስለቱ ከኋላ ይከተላል። የቀሩት ጣቶች የሚጨብጡት በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ነው። ነክቶ መመለስ ነው፤ ተጭኖ መቆየት የለም። በትክክል የመታሁ ቀን ጄሪካኑ ጠቅ! ይላል፤ ውሃው ዝም። ያችን ጠቅ ለማግኘት ስንት ቀን የእጄ አንጓ ከስፌት መኪናው መዘውር ጋር እየተንቀጠቀጠ ሱሪ እንደሰፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ ልጄ ስዞር ግን ከጄሪካኑ የተማርኩት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ትክክለኛ ምት ራሷ ላይ ያሳረፍኩ ዕለት፣ ብረቱ ማስኩ ላይ ጧ! ሲል፣ ከአፌ የወጣው «እኔን! እኔን ልጄን!» ነው። ጎራዴዬን ጥዬ ጭንቅላቷን ላቅፍ ሄድኩ። እሷ ሆዬ ጎኔን በሙሉ ጉልበቷ አለችው። ትንፋሼ ተቆርጦ ቁጢጥ አልኩ።

«እማዬ! ስትመቺ እኔን አይባልም!»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ምንም! ወደ ኋላ ሂጂና ጎራዴሽን አንሺ!»

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እነሱም ግን ከእኔ አይሻሉም ነበር። አንዱ የጓደኛውን ክርን በብረት ያገኝና «ውይ እኔን! አመመህ እንዴ?» ብሎ ይጠጋል፤ ጓደኛው «ኧረ ምንም አይል» እያለ አናቱን ይለዋል። አሰልጣኙ ፀጉሩን ነጨ። «በዓለም ላይ እየመታ አይዞህ የሚል ቡድን እኛ ብቻ ነን! ከዛሬ ጀምሮ እኔን ያለ ሁሉ አዳራሹን በሩጫ ይዞራል!» ከሁሉም አብልጬ የዞርኩት እኔ ነኝ። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ኦቦ «ጀባዹ፣ በርቺ» ይሉኛል። እግሬ ቀጠነ።

አፌን ዘጋሁ። አፌ ሲዘጋ እጄ መዋሸት ጀመረ። ብረቱ ሊደርስባት ሲል መጨረሻዋ ላይ አለዝበዋለሁ፤ ለሚያይ ሰው ምት ይመስላል እንጂ ምት አይደለም። እሷ አወቀችብኝ። አንድ ቅዳሜ ማስኳን ወለሉ ላይ ወርውራ፣

«እየዳበስሽኝ ነው!» ብላ አለቀሰች። «የሱሉልታዋ አትዳብሰኝም! አንቺ ነሽ የምታስገድዪኝ!»

እንባዋን ሳትጠርግ ማስኳን መልሳ አጥልቃ ገጠመችኝ። ክርኔ ላይ መከላከያ አላደረግኩም ነበር። አጥንቱ ላይ አገኘችኝ፤ ዓይን የሚያጠፋ ሕመም ነው። ሳልሰበስበው እዚያው ላይ ደገመችኝ። ያኔ ተናደድኩ። ክንዴን ከጆሮዬ በላይ አነሳሁና ባለኝ ጉልበት አወረድኩት። ብረቱ ማስኳን ዞሮ ማጅራቷን ገረፋት። ሿ! በጉልበቷ ወደቀች። ከፀጉሯ ሥር እስከ ትከሻዋ ገመድ የሚያህል ሰንበር ወዲያው ተነፋ፤ ጫፉ ላይ ደም አቀረረ። እጄን አየሁት። የአክስቴን እጅ መሰለኝ።

«በቃኝ» አልኩ። ጓንቴን አውልቄ ጣልኩ።

አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆመብኝ። አላባበለኝም። «ክንድሽን ስታነሺ ከየት እንዳየሁሽ ታውቂያለሽ? ከዚያኛው ጥግ። እሷም አይታሻለች፤ እንባ ስለያዛት ነው ያልሸሸችው። የተናደደ ሰው ምት ከመምጣቱ በፊት ይታያል። ንዴትሽን ቤትሽ ትተሽ ነይና ጣትሽን ይዘሽ ነይ።»

ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ይሄው ነገር አልለቀቀኝም። እውነት እኮ ነው። አክስቴ ልትመታኝ ስትል ሁልጊዜ አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ መጀመሪያ ትከሻዋ ይነሳል፣ ከዚያ ከንፈሯ ይጠፋል። የምሸሽበት ስለሌለኝ ነው እንጂ ያልታየኝ ምት አልነበረም። ልጄ ማጅራቷን በነጠላዬ ሸፍና ከጎኔ ተቀምጣለች። አየር ጤና ስንወርድ ነው አፏን የከፈተችው።

«ያቺ ጥሩ ነበረች።»

«የቷ?»

«የጣልሽኝ። ቴክኒኩ ግን ቆሻሻ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየማለዳው፣ ሥራ ሳልጀምር፣ ግቢያችን ውስጥ ተደባደብን። ሌላ ቃል አላገኝለትም። የጎረቤት ልጆች ከቆርቆሮው አጥር በላይ አንገታቸውን ደርድረው ያጨበጭባሉ። ንዴቱ ሲመጣ ማወቅን ተማርኩ፤ የሚቀመጠው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ወደ ጣቶቼ ሳይወርድ በትንፋሽ አስወጣዋለሁ። ከዚያ ከምር እመታታለሁ፤ ራሷን፣ ጎኗን፣ ደረቷን፣ ክንዷን። እሷም አልማረችኝም። ግራ ጡቴ በልዞ ለጊዜው በጎኔ መተኛት አቅቶኝ ነበር። ሲደክመን ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰንበራችንን እናወዳድራለን፤ የእሷ ቀይ፣ የእኔ ጥቁር።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ ሁለታችንን ከላይ እስከ ታች አየና «እኔ ስወጣ ቤቱ ሌባ ገባበት እንዴ?» አለ።

ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም። ልጄ እጅጌዋን ሰብስባ ልብስ ስታጥብ ክንዷን አይታ በሩን ገፍታ ገባች።

«ማነው ይቺን ልጅ እንዲህ የገረፋት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ዝንብ እሽ የማትዪው?»

«ተለምኜ ነው።»

«ማን ለመነሽ?»

«እሷው።»

ልጄ ከአረፋው ቀና ብላ «አዎ እትዬ፣ እንዲያውም ጠንከር እንድትል እየመከርኳት ነው» አለቻት። ሴትዮዋ አማትባ ወጣች። ሰላምታዋን ለማግኘት ብዙ ጠበቅሁ።

በዚያ ሁሉ ዱላ መሐል ልጄን በማላውቀው በኩል አወቅኳት፤ ወይም ያወቅኳት መሰለኝ። አሟት ስትችለው በአፍንጫዋ ፍፍ ትላለች። ከአቅሟ ሲያልፍ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ጎራዴዬን አወርዳለሁ። ዓይኗ ከማስኩ ውስጥ ስለማይታይ በጆሮዬ ነበር የማያት።

የምርጫው ቀን የሱሉልታ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። የሱሉልታዋ ልጅ ከአሰልጣኛችን ትረዝማለች፤ ፊቷ ግን የዋህ ነው፤ እኔን ስታይ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችኝ። እናቷ ጋቢ ተከናንባ ከማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ተያየን፣ አንገታችንን ዝቅ አድርገን እጅ ተነሳሳን። ሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ ወደቁና የመጨረሻው ግጥሚያ የሁለቱ ሆነ።

የመጀመሪያው ምት ራሷ ላይ ነው ያረፈው። ማስኩ እንደ ደወል ጮኸ፤ ልጄ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደች። ሁለተኛው ጎኗን አገኛት፤ እኔ በተቀመጥኩበት ጎኔን ያዝኩ። ልጅቱ ትፈልጣለች፤ ግን እንደ እኔ አይደለችም፣ ፈጣን ናት፤ ክንዷ ሲነሳ ካላየሽው በቃ ወርዷል። ዳኛው ለከባድ ምት ቢጫ ካርድ አሳያት። ደገመች፤ ቀይ አሳያትና ለልጄ ነጥብ ሰጠ። ምንም አልመሰላት። ልጄ ከሥሯ ትገባለች፣ ጠቅ አድርጋ ትወጣለች፤ አንዷ ስታገባ ሌላዋ ስታገባ፣ ተያይዘው ወደ መጨረሻው ተጠጉ።

ከዚያ ብረቱ ከክርኗ በላይ፣ እኔው የሰፋሁት ስፌት ላይ ገባ። ሸራው ሲተረተር እኔ ድረስ ተሰማኝ። ነጩ እጅጌ በአንድ ጊዜ ቀላ። የሚቀጥለው ምት ማስኩን ፊቷ ላይ ጨፈለቀው፤ በጉልበቷ ተንበረከከች። ነርሷ ሮጣ ክንዷን በፋሻ ጠፍራ አሰረችው።

ዳኛው ወደ ሰዉ ዞረ። «የልጅቷ ወላጅ አለ?»

ተነሳሁ።

«ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ውሳኔው የእርስዎ ነው፣ እናት። ይቁም ካሉ እናቆማለን፤ ምርጫው ለሱሉልታዋ ይሆናል። ይቀጥል ካሉ ይቀጥላል።»

ልጄ ማስኳን አላወለቀችም፤ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ቆማለች። ተጠግቼ ጆሮዬን ሰጠኋት። ፍፍ። ፍፍ። በአፍንጫዋ ነው።

«ይቀጥል» አልኩ።

«ወይ ጉድ! ይቺም እናት ተብላ!» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። አሰልጣኙ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

የቀሩትን ምቶች ሁሉ ቆጥሬ ብነግራችሁ በወደድኩ፤ አልችልም። ብረት ሸራ ላይ፣ ብረት ብረት ላይ፣ ሰዉ በእያንዳንዱ ምት «ኧረ!» ሲል። ለሁለቱም አንዲት ነጥብ ስትቀራቸው ረጅሟ ልጅ ጮኻ ተወረወረች። ክንዷ ወደ ላይ ሲሄድ የልጄ ክንድ ወደፊት ተዘረጋ። ትንሽ ነገር ናት፤ ከጣቶቿ በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር አላየሁም። ጠቅ። የረጅሟ ብረት ዘግይቶ ትከሻዋ ላይ ወረደና ልጄን መሬት ላይ ዘረራት፤ የዳኛው እጅ ግን ወደ እኛ ተነስቶ ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ቧንቧ ጋ አገኘኋት። አጎንብሳ ታስመልሳለች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ አፍንጫዋ ሥር ደም ደርቋል። ጀርባዋን ልደግፍ ስል ትከሻዋን ነጠቀችኝ።

«ለምን አላስቆምሽውም?»

የሰማሁት ትክክል አልመሰለኝም። «አሸነፍሽ እኮ።»

«ለምን አላስቆምሽውም?»

«በአፍንጫሽ ስትተነፍሺ ሰምቼ... የቻልሽው መስሎኝ ነዋ!»

«ደም ሞልቶት ነው! አፍንጫዬን ደም ሞልቶት ነው እንደዚያ ያለው!» ጮኸችብኝ። «እያየሁሽ ነበር። በቃ በይ፣ በቃ በይ እያልኩ እያየሁሽ ነበር።»

ዓይንሽ ከማስኩ ውስጥ አይታይም ልላት አልኩና ዋጥኩት። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ከወዲያ በኩል የሱሉልታዋ ልጅ እናቷ ጋቢ ውስጥ ተወሽቃ እንደ ሕፃን ትንሰቀሰቃለች፤ የእጇ አንጓ አብጦ ዳቦ አክሏል። እናቷ በልጇ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝና በኦሮምኛ ልጅሽ ጠንካራ ናት አለችኝ። ያንቺም አልኳት።

«እሺ፣ ባስቆመው ኖሮስ?» አልኳት ልጄን በመጨረሻ።

አፏን በመዳፏ ጠረገች።

«ዕድሜ ልኬን አልምርሽም ነበር።»

አሰልጣኙ በደስታ አብዶ እየሮጠ መጣ። ስሟ ተጽፏል፣ አልቋል፣ ትገባለች። «እስኪጠሩሽ ድረስ ግን ልምምድ አናቋርጥም፤ ከሰኞ ጀምሮ ከእናትሽ ጋር...»

«ሌላ ሰው ፈልግልኝ» አለችው።

«ለምን? ከእሷ የተሻለ የሚመታሽ ከየት አመጣለሁ?»

«አላውቅም። ሌላ ሰው ፈልግልኝ።»

እሱ እኔን አየኝ። እኔ ነርሷ በጥድፊያ ያሰረችውን ፋሻ አየሁ፤ ላልቶ ተንጠልጥሏል። «አምጪው፣ በወጉ ልሰርልሽ» አልኳት። ክንዷን ሰጠችኝ፤ ፊቷን ግን ወደዚያ አዙራ ነው።

እፎይ ማለቴ አልቀረም። ልጄ የምትመኘውን አገኘች፣ እኔም የማልወደውን ተገላገልኩ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ማለዳ ሳላስበው ጎራዴዬን ይዤ ግቢው መሐል ራሴን አገኘሁት። ጣቶቼን አላልቼ ክንዴን ዘረጋሁ፤ ከፊቴ ማንም የለም። ከውስጥ የእሷ ማንኮራፋት ይሰማል። ይሄን ሁሉ ከነገርኳችሁ አይቀር እውነቱን ልጨርሰው፤ ከፋኝ።